ስለ ሐኪም ቤት ነርሶች ድካም



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሁላችንም የምናየው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ነው። ይኸውም በሐኪም ቤት ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩት ነርሶች የሚደርስባቸው የሥራ ድካም ነው።

ድካም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲጓዝ የዋለ ሰው አንድ ሌሊት ደኅና አድርጎ ቢተኛ ጧት ታድሶ ይነሣል። የነርስ ድካም ግን ከሦስት ወገን ይመጣል። አንደኛው በሽተኛ ከማንሣትና ከማገላበጥ የሚመጣው የሰውነት ድካም ነው። ሁለተኛው የሰው ሥቃይና ሞት ዘወትር ከማየት የሚመጣው የመንፈስ ድካም ነው። ሦስተኛው የእንቅልፍ እጦት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ለበሽተኛው የሚያሰጋው ይህ ነው።

ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ገደማ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ የማስተዋልም ኃይል አብሮ ይደክማል። በ1997 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። የጠጣ ሰው መኪና እንዳይነዳ የምንከለክል ከሆነ፣ እንቅልፍ ያጣች ነርስ የመርፌ መድኃኒት ብቻዋን እንድትለካ ማድረጋችን ሊያሳስበን አይገባምን?

ይህ ችግር በድሬዳዋ ይብሳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች ሙቀቷ ከባድ ነው። እንቅልፍ እንዲመጣ ደግሞ ሰውነት በጥቂቱ መቀዝቀዝ አለበት። በድል ጮራ ወይም በሳቢያን ሆስፒታል አዳር የሠራች ነርስ ቤቷ ገብታ ጋደም ስትል፣ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣራ ማጋል ይጀምራል፤ የሰፈሩም ጫጫታ ይነሣል። የቀትሩ ሐሩር ምን እንደሚመስል በምሳ ሰዓት አረፍ የሚል የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለእርሷ ግን ሌሊቷ ያ ቀትር ነው።

አንዳንዶች እንቅልፍን በቡና ወይም በጫት ለማባረር ይሞክራሉ። ይህ ዕዳን በሌላ ዕዳ እንደ መክፈል ነው። የቡናው ኃይል በሰውነት ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ወደ ንጋት የተጠጣው ቡና የቀኑን እንቅልፍ ይነሣል።

ከዚህም በላይ የመዓት ጊዜ አለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የቺኩንጉንያ በሽታ በከተማይቱ ብዙ ሺህ ሰዎችን አሳምመዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በሽተኛው በአንድ ሳምንት ሲበረክት የነርሶቹ ቍጥር ባለበት ይቆማል፤ በሽታውን የምታዛምተው ትንኝም ነርስን ከሌላው ለይታ አትምርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የአዳር ተራ የሚያወጣ ኃላፊ ብዙ ሌሊቶችን አከታትሎ በአንድ ሰው ላይ እንዳይጭን ያስፈልጋል። ተረኞቹ እየተፈራረቁ በሌሊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢያሸልቡ ንቃታቸው ይመለሳል፤ ይህን እንደ ስንፍና መቍጠር አይገባም። አደገኛ መድኃኒት ሲለካ ሁለተኛ ሰው ይመልከተው። የሐኪም ቤት በጀት ሲዘጋጅም ቀዝቀዝና ጨለም ያለች አንዲት የማረፊያ ክፍል ከትርፍ ወጪ አትቈጠር።

እኛም ብንሆን ድርሻ አለን። ጎረቤታችን አዳር ሠርታ የገባች እንደ ሆነ ራዲዮናችንን ዝቅ እናድርግ፤ ልጆቻችንንም ከደጃፏ ራቅ ብለው እንዲጫወቱ እንምከር። ዛሬ በእኛ ዝምታ ያረፈችው ነርስ፣ ነገ ሌሊት በዐሥር ሰዓት የእኛን ወይም የልጃችንን መድኃኒት የምትለካው እርሷ ልትሆን ትችላለችና።