በኤሌክትሪክ የሚነዱ የስፖርት አውቶሞቢሎች ለዕለት ተግባር ይስማማሉን?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የአንድ የቆየ ደንበኛችን ልጅ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጥቶ፣ በአሠሪዬ ፊት ባለው ወንበር ከተቀመጠ በኋላ፣ በስልኩ ላይ የያዘውን ፎቶግራፍ አሳያቸው። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣራው የሚከፈት፣ በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚነሡ፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ ቀይ አውቶሞቢል ነበር። «ጋሼ፣ ይህችን ያስመጡልኝ፤ ቀብዱን ዛሬውኑ እከፍላለሁ» አለ። አሠሪዬም መነጽራቸውን አድርገው አተኩረው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ መልኳስ መልካም ነው፤ ግን በየቀኑ ትነዳታለህን?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ሣቀ እንጂ መልስ አልሰጠም። እርሱ ከሄደ በኋላ ጉዳዩን መርምሬ በጽሑፍ እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ። ነገሩ ለእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን አውቶሞቢል፣ ጎማና መለዋወጫ ለሚነግዱ የምክር ቤታችን አባሎች ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየኝ፣ በእርሳቸው ፈቃድ ያገኘሁትን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች አቀርባለሁ።

እንደሚታወቀው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታውቆአል። ከዚያም ቀደም ብሎ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ሆነው፣ ተገጣጥመው ያለቁት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ ተወስኖ ነበር። የእኛ ቤት ዋና ንግድ ግን ካንዴላ፣ የዘይት ፊልትሮና የመሳሰለው መለዋወጫ ነው። አሮጌዎቹ መኪኖች እስካሉ ድረስ ዕቃው ይሸጣል፤ ነገር ግን በየዓመቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ መደርደሪያው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ አሠሪዬ የቀራቸውን የሥራ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚያውሉት የሚያስቡበት ጊዜ ነው፤ አንድ ውድ አውቶሞቢል ሳይሸጥ በግቢ ቢቀር የስድስት ወር ደመወዛችንን ይዞ ይቀራል።

ብዙ ሰዎች የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የትናንት ፈጠራ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። በዓለም ላይ በመጀመሪያ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠው አውቶሞቢል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር። ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 29 ቀን 1899 ካሚይ ዠናትሲ የተባለው ቤልጅጋዊ በፓሪስ አጠገብ በአሼር መንገድ ላይ በሰዓት 105.88 ኪሎ ሜትር የነዳው ነው። ቅርጹ እንደ መድፍ ጥይት ሆኖ፣ ነጂው ከወገቡ በላይ ወጥቶ ነፋሱን በደረቱ ይመታ ነበር። ሆኖም ያ አውቶሞቢል ፍጥነትን ለማሳየት እንጂ ሰውን ገበያ አድርሶ ለመመለስ አልተሠራም፤ ባትሪው ከባድ፣ የሚይዘውም ኀይል ጥቂት ነበር። ቤንዚን ሜዳውን የወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ ዘመን ነገሩን እንደገና ያነሣው ቴስላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሮድስተር የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውቶሞቢል ከ2008 ጀምሮ ለገዢዎች አስረከበ። አካሏ በእንግሊዝ አገር የሎተስ ፋብሪካ የሚሠራ ሲሆን፣ ባትሪዋ ለተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ከሚያገለግሉት ትናንሽ የሊቲየም ባትሪዎች 6,831 ያህሉን በአንድነት አሰባስቦ የተበጀ፣ ክብደቱም 450 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በአንድ ሙሌት እስከ 393 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ተረጋግጦላታል፤ ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ለመድረስም 4 ሰከንድ አይፈጅባትም። ዋጋዋ 109,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። እስከ 2012 ድረስ የተሸጡት ግን 2,450 ያህል ብቻ ናቸው። (ከእነዚህ አንዷ በ2018 በሮኬት ተጭና ወደ ጠፈር ተልካለች፤ ከገዢ እጅ እንዲህ የራቀ አውቶሞቢል አልሰማሁም።) ኩባንያው በ2017 አዲስ ሮድስተር አሳይቶ በ2020 አስረክባለሁ ሲል ብዙ ቀብድ ሰበሰበ፤ የተባለው ዓመት ግን አንዲት እንኳ ሳትወጣ አለፈ። ቀብድ ለሚቀበሉም ሆነ ለሚከፍሉ የንግድ ሰዎች ይህ ሊታወስ ይገባል።

ጠቃሚው ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ያለውን ጉልበት ሁሉ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ስለሚሰጥ፣ ፈጣን አነሣሥ በቤንዚን ዘመን እንደ ነበረው የባለጠጋ ብቻ መሆኑ ቀርቶአል። ለምሳሌ ቢ ዋይ ዲ የተባለው የቻይና ፋብሪካ በ2022 ያወጣው ሲል የተባለ ባለ አራት በር አውቶሞቢል፣ በሁለት ሞተር የሚሠራው፣ በ3.8 ሰከንድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሁንዳይ አዮኒክ 5 ኤንም ባለ አምስት በርና ልጆች የሚጫኑበት ሲሆን በ3.4 ሰከንድ ያንኑ ያደርጋል። እንግዲህ ፍጥነቱ በቤተ ሰብ መኪና ውስጥ ከተገኘ፣ ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት፣ ዕቃ የማትጭን፣ መሬት የምትልስ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ምን ይተርፈዋል? በእኔ አስተያየት የሚተርፈው መልኳና ጣራዋን ከፍቶ የመሄዱ ደስታ ነው። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ሆኖም ገዢው ይህንኑ አውቆ ሊከፍልበት ይገባል።

የስፖርትን ጠባይና የዕለትን አገልግሎት በአንድነት ለማስማማት ከሌላው የበለጠ የደከመው የፖርሼ ፋብሪካ ይመስለኛል። በ2019 ያወጣው ታይካን በ800 ቮልት የሚሠራ፣ ባለ አራት በር፣ ከኃይለኛ መሙያ ጋር ሲገናኝ በ22 ደቂቃ ተኩል ከ5 ወደ 80 በመቶ የሚሞላ ነበር። ነጂዎቹም ለሥራ መመላለሻ አድርገው እንደሚጠቀሙበት ይመሰክራሉ። ሆኖም በዓለም ላይ የተሸጠው ብዛት በ2023 ከ40,600 በላይ ከነበረው በ2024 ወደ 20,800 ያህል ወርዶአል። አዲሱ ሞዴል እስኪተካ መዘግየቱና የቻይና ገበያ መቀዝቀዙ ምክንያት ናቸው ቢባልም፣ በአውሮፓ ያገለገሉት ታይካኖች ዋጋቸው በፍጥነት እንደሚወድቅ መኪና ሻጮች ሁሉ የሚያውቁት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ፎቶግራፍ እንመለስ። አውቶሞቢሏ ኤም ጂ ሳይበርስተር የተባለችው የቻይና ሥራ ናት። የባትሪዋ መጠን 77 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ክብደቷ ወደ 2,000 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በቤንዚን የምትሠራው ታናሿ የጃፓን ባለ ሁለት መቀመጫ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ከ1,100 ኪሎ ግራም እምብዛም አትበልጥም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ከሁሉ በላይ ባትሪው ነው።

ለአዲስ አበባ ነጂ የሚደግፈውን አስቀድሜ ልናገር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ምንም አያጣም። የእንጦጦን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሁለተኛም፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ኀይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑም ከመንደድ ይድናል። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ 650 ሜትር ያህል መውጣት ስላለ፣ ሁለት ሺ ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል ለመውጣቱ ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል፤ ይህም ከ77ቱ ጋር ሲመዛዘን የሚያስፈራ አይደለም። በከተማ ውስጥ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢበቃው፣ በቤቱ ባለው በተራ ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር በአራት ሰዓት ያህል ይሞላዋል። ባዶ የሆነውን ባትሪ በሙሉ በዚሁ ሶኬት ልሙላ ቢል ግን 35 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፈጣን መሙያ ጣቢያ መክፈቱ መልካም ጅምር ነው፤ ግቢ በሌለው በኮንዶሚኒየም ፎቅ ለሚኖር ነጂ ግን ዋናው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ችግሩ መንገድ ላይ ነው። የስፖርት አውቶሞቢል ሆዱ ወደ መሬት የቀረበ ሲሆን፣ በዚያው ሆድ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ውድ ዕቃ፣ ማለት ባትሪው፣ ተዘርግቶ ተኝቶአል። በከተማችን ፍጥነት ለማብረድ የሚሠሩት ጉብታዎች አንዳንዶቹ በልክ የተሠሩ አይመስሉም፤ በክረምትም ጉድጓዱ በውሃ ተሸፍኖ አይታይም። የቤንዚን መኪና ሆዱ ቢመታ የዘይት ቋቱ ይበየዳል። የባትሪ ሣጥን ቢመታ ግን በየሰፈሩ ያለው ጋራዥ አይከፍተውም፤ ልክፈተው ቢልም አደጋ ነው። ጎማውም እንዲሁ ነው። ቸርኬው እስከ 20 ኢንች የሚደርስ፣ ጎማው ግን ጎኑ ቀጭን ስለ ሆነ፣ ጉድጓድ ሲያገኘው ጎማው ይፈነዳል ወይም ቸርኬው ይጎብጣል። ከዚህም በላይ በብዙዎቹ የስፖርት አውቶሞቢሎች የፊቱና የኋላው ጎማ ልኩ የተለያየ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ጎማ አይኖራቸውም። አንድ ጎማ ለመተካት ጎሚስታው ቤት መሄድ አይበቃም፤ ልኩን ያመጣ አስመጪ መኖር አለበት። የጎማ ነጋዴውስ ለሦስትና ለአራት ደንበኞች ብሎ ሁለት ዐይነት ልክ በመጋዘኑ ያስቀምጣልን? እኔ ብሆን አላስቀምጥም።

ለአስመጪው ደግሞ በወረቀት ላይ የማይታዩ ነገሮች አሉ። ባለፈው ዓመት አሠሪዬ ካስመጧቸው ተራ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዱ ወረቀቱ እስኪያልቅ በመጋዘን ሳምንታት ቆየ። ልንረከብ በሄድን ጊዜ በሩ አልከፈት አለ። ትልቁ ባትሪ ኀይል ሞልቶት ሳለ፣ ቁልፉንና ኮምፒዩተሩን የሚያነቃው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ሞቶ ኖሮአል። ትራንዚተራችን ከሌላ መኪና ገመድ እስኪያመጣ ድረስ ግማሽ ቀን በፀሐይ ቆምን። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ ትንሹን ባትሪ አስነቅሎ ማስቀመጥ እንደሚገባ የነገረን አልነበረም እንጂ። ኢንሹራንሱም ይታሰብ። በየካቲት 2022 ፌሊሲቲ ኤስ የተባለችው መርከብ ፖርሼዎችን ጨምሮ አራት ሺ ገደማ አውቶሞቢሎች ጭና ሳለ በአዞሬስ ደሴቶች አጠገብ ተቃጥላ ሰጥማለች። እሳቱ ከባትሪ መነሣቱ በማስረጃ አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን በባትሪ የሚሄድ ጭነት ከዚያ ወዲህ በጥርጣሬ ዐይን መታየቱ አልቀረም።

በመጨረሻም የመሙያው ሶኬት ጉዳይ አለ። ለቻይና ገበያ የተሠራው አውቶሞቢል ጂ ቢ ቲ የተባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲ ሲ ኤስ 2 የተባለውን ሶኬት ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በሌላው አይሠራም። ፋብሪካዎች ለባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የስምንት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋስትናው ግን የሚጸናው አውቶሞቢሉ እንዲሸጥ በታሰበበት አገር ውስጥ እንደ ሆነ ውሉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ለአሠሪዬ ካቀረብሁ በኋላ ደንበኛችንን አስጠርተው ነገሩት። «ልጄ፣ አባትህ ደንበኛዬ ነው፤ ገንዘብህን ተቀብዬ መንገድ ላይ ላስቀርህ አልፈልግም» አሉት። ልጁ ሁለተኛ መኪና እንዳለውና ይህችን ለእሑድና ለአዳማው ፈጣን መንገድ እንደሚፈልጋት ሲገልጽ፣ አሠሪዬ ጥቂት ለዘብ አሉ። ቀብዱን ሳይቀበሉ፣ ለቻይናው ሻጭ አራት ጥያቄ ያለበት ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ሶኬቱ የትኛው ነው? ትንሹ ባትሪ ለጉዞ ተነቅሎ ይላካልን? ዋስትናው በኢትዮጵያ ይጸናልን? ሁለት ሰው ከተቀመጠባት በኋላ ሆዷ ከመሬት ስንት ሚሊ ሜትር ይርቃል?

ለሦስቱ መልስ መጥቶአል። ሶኬቱ ጂ ቢ ቲ ነው፤ ባትሪው ይነቀላል፤ ዋስትናው በእኛ አገር አይጸናም። ስለ ከፍታዋ ግን እስከ ዛሬ የጻፉት ነገር የለም፤ ፕሮፎርማውም ሳይፈረም በአሠሪዬ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።