የወባ ምርመራዋ ቀይ መስመር

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ብዙ ወጣቶች ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። ሲመለሱ አንዳንዶቹ ከደመወዛቸው ጋር ንዳዱንም ይዘው ይመጣሉ። ጎንደር ወባን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጅቷል፤ በማግስቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ።

ዛሬ በየጤና ኬላው ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም ወባ ይለያል። በመመርመሪያዋ ላይ የምትታየው ቀይ መስመር በአብዛኛው ከምን የተሠራች ይመስላችኋል? ከወርቅ ነው! የአንገት ወርቅ ቢጫ ነው፤ እጅግ ሲደቅ ግን ቀይ ሆኖ ይታያል። ቅንጣቶቹ 25 ሺህ ያህል ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ወርቁ ያው ወርቅ ነው፤ ቀለሙን የለወጠው መጠኑ ነው።

በቴሌቪዥን መስተዋት ውስጥ የሚገቡ ኳንተም ዶት የሚባሉ ደቃቅ ቅንጣቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ትንንሾቹ ሰማያዊ፣ ተለቅ ያሉት ቀይ ያበራሉ። በዚህ ሥራ ባዌንዲ፣ ብሩስና ኤኪሞቭ በ2023 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ንዝረታቸውም በመጠን ይለያያል። የክራር ክር ሲያጥር ድምፁ እንደሚቀጥን ሁሉ፣ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር መላ አካሉ ፈጥኖ ይንዘፈዘፋል። ተመራማሪዎች ከቅንጣቱ ነጥሮ በሚመለሰው ብርሃን ይህን አይተው መጠኑን ይገምታሉ።

ወደ ወባችን እንመለስ። በወርቁ ላይ የወባውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ነገር ተለጥፏል። ደሙ ውስጥ ወባ ካለ፣ ወርቁ ፕሮቲኑን ይዞ ሄዶ በመስመሩ ላይ ይከማቻል። ብዙ ከተከማቸ መስመሩ ይደምቃል፣ ጥቂት ከሆነ ይደበዝዛል። ስለዚህ የደበዘዘ መስመርም ወባ ነው። «ፈዛዛ ናት፣ ቀላል ትሆናለች» ብሎ መድኃኒት መተው፣ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር፣ ሕይወት ያስከፍላል።

እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም፣ እነዚህን ያዙልኝ፦ የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ምርመራው አልሠራምና ይደገም። ውጤቱ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ይነበብ፤ ውሎ ያደረ መመርመሪያ አይታመንም። ወባ የለም ተብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመለሱ። ልጁ ቆላ ወርዶ ከነበረም ሳትጠየቁ ለባለሙያው ንገሩ።