ስለ እምነትና ስለ ልማድ ለሕዝብ የጻፉት የመርሐ ቤቴ ሰው

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ተጉዘህ የዠማን ወንዝ ገደል ወርደህ እንደ ገና ሽቅብ ብትወጣ ከመርሐ ቤቴ ትደርሳለህ። በዚህ አገር፥ ዴን በሚባል ስፍራ፥ በ1870 ዓ.ም. አንድ ሕፃን ተወለደ። እኒህ ሰው በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ተብለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። ዛሬ የምናወጋህ ግን ስለ ሹመታቸው አይደለም፤ ስለ እምነትና ስለ ልማድ ለሕዝብ በግልጥ ስለ መጻፋቸው ነው።

እርሳቸው ባደጉበት ዘመን የአንድ የገጠር ደብር መምህር ትምህርቱ የሚደርሰው ድምፁ እስከሚሰማበት ድረስ ብቻ ነበር። መጽሐፉ በግዕዝ ይነበባል፤ ትርጓሜው በአማርኛ በቃል ይነገራል። ከመምህሩ እግር ሥር ለመቀመጥ ጊዜ ያላገኘ ገበሬ ግን በበዓል ቀን በዐውደ ምሕረት ከሚሰማው በቀር ብዙ አይደርሰውም። ኅሩይም የተማሩት በዚሁ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ በእንጦጦ ራጉኤልም ተምረዋል። ለቅኔ ያላቸውን ፍቅር በ1918 ዓ.ም. የወጣው «መጽሐፈ ቅኔ» ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ እውቀታቸውን ለሊቃውንት ብቻ አላስቀሩትም። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን፥ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጠውን «ወዳጄ ልቤ»ን በአማርኛ አሳተሙ። «ጎሃ ጽባሕ» የተባለ ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ። እንግዲህ የመምህሩ ድምፅ ከደብሩ አጥር ወጣ ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ደፋር የሆነው መጽሐፋቸው በ1925 ዓ.ም. የወጣው «አዲስ ዓለም» ይመስለናል። የታሪኩ ባለቤት ዐወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ነው። ፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ ቢመለስ ከዘመዶቹ ጋራ መግባባት አቃተው። በለቅሶ፥ በተዝካርና በጋብቻ ነገር እርሱ አንድ ሲል እነርሱ ሌላ ይላሉ። በመጨረሻ ግን ጉዳዩ ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ጉባኤ ቀርቦ ልማዱ እንዲሻሻል ይወሰናል።

ይህ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታይህ። የተጉለትን፥ የመንዝንና የመርሐ ቤቴን ኑሮ የምታውቅ ከሆንህ ተዝካር ምን እንደ ሆነ አይጠፋህም። አባቱ የሞተበት ሰው «ምን ይሉኝ» ብሎ የማረሻ በሬውን ይሸጣል፤ እህል ይበደራል፤ ጠላና ጠጅ ያስጠምቃል። ድግሱ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ዕዳው ግን ለልጅ ይተርፋል። ታዲያ ይህን የሚነቅፍ ሰው «ሃይማኖት ነቀፈ» መባሉ አይቀርም።

ኅሩይ ያደረጉት ብልኀት እዚህ ላይ ነው። ለሙታን መጸለይ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ደሀውን የሚያራቁተው ድግስ ግን የሰው ልማድ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ሃይማኖትን መካድ አይደለም። ስለዚህ የማሻሻሉን ውሳኔ ለቤተ ክርስቲያን ጠላት አልሰጡትም፤ ለራሷ ለቤተ ክርስቲያን አባቶች ሰጡ። ከውጭ ሆነው ድንጋይ አልወረወሩም፤ ከውስጥ ሆነው ቤቱን ጠረጉ እንጂ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተሰደው በእንግሊዝ አገር፥ ባዝ በምትባል ከተማ፥ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። መጻሕፍቱን ሲጽፉ ሥራ ፈት እንዳልነበሩም አስብ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም፥ ኋላም ሚኒስትር የነበሩ የቢሮ ሰው ናቸው።

አንተም ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ይህ ነገር ይነካሃል። ለበዓል ወደ አገርህ ስትሄድ ከዐወቀ ችግር አታመልጥም። አጎትህ ለተዝካር ሊበደር ሲዘጋጅ ብታገኘው፥ መሣቅ ቀላል ነው፤ ዝም ማለትም ቀላል ነው። የሚከብደው የእርሱን እምነት አክብረህ፥ በእርሱ ቋንቋ፥ አጠገቡ ተቀምጠህ ማስረዳት ነው። የነፍስ አባቱንም ጥራቸው፤ ከአንተ ቃል ይልቅ የእርሳቸው ቃል ይሰማ ይሆናል። በሬው ሳይሸጥ ከቀረ፥ ኅሩይ የጻፉት በከንቱ አልነበረም ማለት ነው።