አቡነ መስያስ በልቼ

መንዝ ውስጥ የክትባት ባለሙያ ነኝ። ቆላ ላይ ክትባትን የሚያበላሸው ሙቀት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ውርጩም ያሰጋል። ፔንታቫለንት የሚባለው ክትባት አንዴ በረዶ ከያዘው አለቀለት፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሃል መቆየት አለበት። ፍሪጅ በሌለበት ዘመን ሸዋ ላይ ስለከተበ ሰው አብዝቼ የማስበው ለዚህ ይሆናል።

ጉልዬልሞ ማሳያ ይባላሉ፤ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴና ጳጳስ። እዚህ አቡነ መስያስ፣ በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ፈንጣጣን ስለከተቡ አባ ፈንጣጣ ይባሉ ነበር። በ1809 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተወለዱባት መንደር ዛሬ በስማቸው ፒዮቫ ማሳያ ትባላለች። መቃብራቸው ፍራስካቲ ነው። ፖፕ ፍራንሲስም በ2016 በቅድስናው መንገድ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገዋቸዋል። ሊሳለማቸው የሚሻ ካቶሊክ ጣሊያን ይሂድ፤ ለእኔ ልቼ ትቀርበኛለች። ከመሃል ሜዳ በሞላሌ አድርጎ ጣርማ በር መውጣት፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን መዝለቅ ነው፤ ልቼ እዚያው አጠገብ ናት።

ልቼ ያኔ የምኒልክ ከተማ ነበረች። ማሳያ በ1868 ሲደርሱ ሐሳባቸው ወደ ደቡብ ማለፍ ነበር፤ ንጉሡ ግን አማካሪ አድርገው ያዟቸው። ፊንፊኔ ላይ የካቶሊክ ሚሲዮን መሠረቱ። በ1878 ምኒልክና አፄ ዮሐንስ እዚያው ልቼ ተስማሙ፤ በዓመቱ ማሳያ በዮሐንስ ትእዛዝ አገር ለቀቁ።

የመጡት ሃይማኖታቸውን ሊያስፋፉ እንጂ ሊከትቡ አይደለም። አያቴ በሕይወት ብትኖር «ካቶሊክ ልትሳለም ሄድክ?» ብላ አታስገባኝም ነበር። እኔን የሳበኝ ሙያው ነው። በዚያ ዘመን የፈንጣጣ ክትባት ከክንድ ወደ ክንድ ነበር የሚሻገረው፤ የተከተበው ልጅ ክንድ ላይ የወጣው እብጠት ውኃ ሲቋጥር፣ ከእሱ ተወስዶ ሌላው ልጅ ይከተብ ነበር። ስለዚህ ከታቢ የከተበውን ልጅ ትቶ መሄድ አይችልም። ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመልሶ ክንዱን ማየት ነበረበት፤ ያ ልጅ ከጠፋ ክትባቱም ጠፋ።

እኛ ጠርሙሱን በበረዶ ሣጥን ይዘን እንሄዳለን፤ የትናንቱ ልጅ ባይመለስ የዛሬው ሥራ አይቆምም። ቀለል ማለቱ ጥሩ ነው፣ ግን አሰነፈን። እናት በዘጠኝ ወር ለኩፍኝ ታስከትባለች፤ በ15 ወር ትቀራለች። ግድየለሽ ናት የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ አልስማማም። ይቺው ሴት ጻድቃኔ ማርያም ለመሄድ ቀን አትስትም። ጻድቃኔን ቄሱም ጎረቤቱም ያስታውሷታል፤ የ15 ወሩን ማን ያስታውሳት? ፈንጣጣም በክትባቱ ብቻ አልጠፋም። ከ1971 ጀምሮ የማጥፊያ ዘመቻው ሠራተኞች መንደር ለመንደር እየዞሩ ታማሚውን ፈልገው፣ ዙሪያውን ከትበው፣ ተመልሰው ስላዩ ነው በ1976 ከኢትዮጵያ የጠፋው።

ልጃችሁ 15 ወር ሞልቶት ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ካልወሰደ ካርዱን ይዛችሁ ጤና ኬላ ኑ። ካርዱ ቢጠፋም ኑ።