ልቡ ቆሞ ለተመለሰ ሰው የሃይድሮጅን ማሽን ልግዛ?

«ዶክተር፣ የአባታችን ልብ ቆሞ ተረፉ፤ የሃይድሮጅን ማሽን እንግዛላቸው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ እየደረሰኝ ነው። እባካችሁ አትግዙ።

ልብ ሲቆም አንጎል ኦክስጅን ያጣል፤ ደሙ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይከተላል። የሃይድሮጅን ጋዝ የሚሞከረው ይህን ሁለተኛውን ጉዳት ለመቀነስ ነው።

ጃፓን ውስጥ ልባቸው ቆሞ ከተመለሰ በኋላ ራሳቸውን ያላወቁ 73 ሕሙማን ተጠኑ። ለከፊሎቹ 2 በመቶ ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር፣ በመተንፈሻ ማሽን፣ ለ18 ሰዓት ተሰጣቸው። በ90ኛው ቀን ጋዙን ካገኙት 85 በመቶ፣ ካላገኙት 61 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ደስ ይላል! ግን ጥናቱ በኮቪድ ምክንያት ሳይሞላ ተቋረጠ፤ በዋናው መለኪያ፣ በአንጎል ማገገም፣ የታየው ልዩነትም አስተማማኝ አልነበረም።

ማሽኑን ቤት ማስገባት አደጋም አለው፦ ሃይድሮጅን አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ሊቀጣጠል ይችላል።

አባታችሁን ለክትትል ውሰዷቸው፤ ልባቸው ዳግም ቢቆም እንድትረዷቸው ደረት መጫንንም ተማሩ፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።