ሞተር አልባ ጉዞ በጥብቅ የተፈጥሮ ስፍራዎች፦ ብስክሌት፣ እግርና በቅሎ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ

ብሔራዊ ፓርኮችን ያለ ተሽከርካሪ መጎብኘት የሚፈልጉ ዜጎች ቁጥር በየትኛውም ጊዜ ቢጨምር ለተፈጥሮም ለጎብኚም በጎ ነው። የሞተር ድምፅና ጭስ የሌለበት ጉዞ አካልን ያጠነክራል፤ የዱር እንስሳትንም ከተሽከርካሪ አደጋና ሁከት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ሞተር አልባ መሆን ብቻውን ጉዞውን ጉዳት አልባ አያደርገውም። በመካነ ሰላም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውን የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ለመጎብኘት ያሰቡ ዜጎች ይህን ልዩነት እንዲረዱና ተገቢውን ዝግጅት እንዲያደርጉ የሚከተለው ማብራሪያ ቀርቧል።

ሞተር አልባ ትራንስፖርት ምንድን ነው?

ሞተር አልባ ትራንስፖርት በእግር፣ በብስክሌት እንዲሁም በጋማ ከብት የሚደረግ ማንኛውም ጉዞ ነው። በከተሞች የእግረኛና የብስክሌት መንገድን ለማስፋፋት አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። ከዚያ አስቀድሞ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር፣ ጎዳናዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ለተሽከርካሪ ዝግ ሆነው ለእግረኛና ለብስክሌት ክፍት እንዲሆኑ አድርጓል። በደጋው ወሎ ግን ሞተር አልባ ጉዞ አዲስ ነገር አይደለም። በእግርና በበቅሎ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ መሄድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

የፓርኩ ተፈጥሯዊ ገጽታ

ቦረና ሳይንት በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ የደንቆሮ ጫቃ በመባል የሚታወቀውን ጥንታዊ ደን ያቀፈ ነው። ወረሂመኖን ጨምሮ «ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ» ተብሎም ይጠራል። የመሬቱ ከፍታ ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ይጠጋል። በዝቅተኛው ክፍል ወይራና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች የሚገኙበት ደን አለ፤ ከፍ ሲል አስታ ይተካል፤ ከዚያም በላይ ጓሳና ጅባራ የሚበቅሉበት የውርጭ ምድር ይዘረጋል። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ እና የምኒልክ ድኩላ በፓርኩ ከሚገኙት የዱር እንስሳት መካከል ይጠቀሳሉ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር አይገኝም። በአገሪቱ ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች በድምሩ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ እነርሱም እርስ በርስ በተለያዩ ጥቂት ተራሮች ተበታትነው ይኖራሉ። በመሆኑም እንደ ቦረና ሳይንት ባለ ስፍራ የሚኖር አነስተኛ መንጋ ቢጠፋ በቀላሉ የሚተካ አይሆንም።

ብስክሌት የሚስማማው የት ነው?

ብስክሌት ለሁሉም መልክዓ ምድር እኩል አይስማማም። በአማራ ክልል በብስክሌት ተጠቃሚነቷ የምትታወቀው ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ ናት፤ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራም በአጠገቧ ይገኛል። በሐይቁ ዳርቻ ደንገል የሚበቅልባቸው ረግረጎች አሉ። እነዚህ ረግረጎች ለአእዋፍ መኖሪያ፣ ለዓሣ መራቢያ ይሆናሉ፤ ደለልንም ያጣራሉ። እዚያም ቢሆን የብስክሌቱ ቦታ ጠንካራው መንገድ እንጂ ረግረጉ አይደለም።

በቦረና ሳይንት ደግሞ ቁልቁለቱና አቀበቱ የበረታ፣ አየሩም የሳሳ ነው። በ3,500 ሜትር ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚያገኘው በሲሶ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ብስክሌት ይዞ የሚመጣ ጎብኚ ጠጠርና ጠንካራ በሆነው መንገድ መጠቀም፣ ወደ ደኑና ወደ ጓሳው ሲደርስ ግን ወርዶ በእግር ወይም በበቅሎ መቀጠል ይመረጣል።

ከመንገድ መውጣት ለምን ይጎዳል?

አንደኛው ምክንያት አፈሩ ነው። የደጋ ረግረግና የጓሳ ምድር ክረምቱን ውኃ ይዞ ይቆይና በበጋ ቀስ በቀስ ወደ ምንጮች ይለቃል። በእርጥብ መሬት ላይ የሚያልፍ ጎማ ያልተቋረጠ መስመር ይሰነጥቃል። ዝናብ ሲጥል ውኃው በዚያ መስመር ይወርድና ጥቂት በጥቂት ቦረቦር ይፈጥራል። ቦረቦሩ ረግረጉን ሲያደርቅ ከታች ያሉት የገበሬው ምንጮችም ይጎዳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የቀይ ቀበሮው ምግብ ነው። ቀበሮው በአብዛኛው የሚመገበው በጓሳው ሥር ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ አይጦችን ነው። ከመንገድ የወጣ ጎማ ጉድጓዶቹን ይደፍናል።

ሦስተኛው ምክንያት ዝምታው ራሱ ነው። እግረኛ በዝግታ ስለሚራመድ እንስሳት ከሩቅ ያዩታል። ብስክሌት ግን በተለይ በቁልቁለት ድምፅ ሳያሰማ በፍጥነት ስለሚደርስ እንስሳውን ከቅርብ ያስደነግጠዋል። በጠባብ መንገድ ላይ ከጭነት በቅሎ ወይም ከመንጋ ጋር ድንገት መገናኘትም ለሰውም ለከብትም አደጋ አለው።

የጉዞ ወቅት

ክረምቱ አልፎ መንገዱ የሚደርቅበት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለጉዞ ምቹ ነው። ይሁንና ቀይ ቀበሮ ግልገሎቹን የሚወልደው በአብዛኛው በዚሁ ወቅት ነው። እናቲቱ በጉድጓዷ አጠገብ በተደጋጋሚ ከተረበሸች ግልገሎቿን ወደ ሌላ ጉድጓድ ለማዛወር ትገደዳለች። ስለሆነም ለጎብኚ በተመቸው ወራት የሚደረገው ጥንቃቄ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ሊጠናከር ይገባል።

መሬትን ለጊዜው ከልክሎ ማሳረፍ ለደጋው ኅብረተሰብ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረው፣ «ቄሮ» በተባለው ባህላዊ ሥርዓት ነዋሪው ጓሳውን ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጋና በጋራ ውሳኔ እየከፈተ ስለተጠቀመበት ነው። አንድ መተላለፊያ ለጊዜው ዝግ ነው ሲባልም ጎብኚው ይህንኑ ዓላማ ሊያስታውስ ይገባል።

ጎብኚዎች ሊያሟሏቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ጥብቅ ስፍራዎች በፌዴራል ወይም በክልል መንግሥታት ሊተዳደሩ ይችላሉ። ቦረና ሳይንት በአማራ ክልል ሥር በመሆኑ ስለ መግቢያ ክፍያ፣ ስለ አስጎብኚና ስለተፈቀዱ መስመሮች የሚቀርብ ጥያቄ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይቅረብ። በተጨማሪም፦

1. ከመነሣት በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ወቅታዊ ሁኔታ፣ እንዲሁም ብስክሌት በየትኛው መስመር እንደሚፈቀድ ማረጋገጥ፤
2. አካባቢውን በሚያውቅ ስካውት ወይም አስጎብኚ መታጀብ፤
3. ውሻ አስከትሎ አለመሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ከፍተኛ እልቂት አድርሷል፤
4. ለጭላዳም ሆነ ለሌላ እንስሳ ምግብ አለመስጠት፣ ቆሻሻንም ይዞ መመለስ፤
5. የብስክሌቱን ፍሬን መፈተሽ፣ የራስ ቁር ማድረግ፣ መለዋወጫ ከመነዳሪና መጠገኛ ጋር መያዝ፤
6. ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ የብርድ ልብስና በቂ ውኃ ማዘጋጀት፤ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ፤
7. እግረኛን፣ የጭነት ከብትንና መንጋን ማስቀደም።

በቅሎና አስጎብኚ ከአካባቢው ነዋሪ መከራየት ለጎብኚው ምቾትን፣ ለነዋሪው ገቢን ያስገኛል። ደኑ ሳይቆረጥ የሚጠቅም መሆኑን በገቢው ያየ ኅብረተሰብ ለጥበቃው ቀዳሚ አጋር ይሆናል። ብስክሌቱን በጠንካራው መንገድ ላይ አቁሞ የቀረውን በእግሩ የሚሄድ ጎብኚ ጥቂት ሰዓት ይዘገይ ይሆናል፤ ነገር ግን ያየውን ቀበሮና የጠጣበትን ምንጭ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ትቶ ይመለሳል።