ጭስ ይበላል የተባለው አልጌ ስንት ይበላል?

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። አረንጓዴ ውሃ የሞላባቸው ረጃጅም ቱቦዎች፣ ከጀርባ የሚጨስ ማመንጫ፣ ከላይ ደግሞ «ለአየር ንብረት ለውጥ መፍትሔ ተገኘ» የሚል ጽሑፍ። «እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን፦ አዎ፣ ሳይንሱ እውነት ነው። ችግሩ ሂሳቡ ላይ ነው።

አልጌ የቆመ ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ፍጥረት ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ቀለሙ የሚመጣው ከአልጌ ጋር ከሚቆጠረው ስፒሩሊና ነው። እንደ ማንኛውም ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ምግብ ይቀይራል፤ እድገቱ ግን ለጉድ ነው። አንዳንዱ ዝርያ በአንድ ቀን እጥፍ ይሆናል። 1 ኪሎ ደረቅ አልጌ ለማግኘት 1.8 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 0.04 በመቶ ብቻ ነው፤ በድንጋይ ከሰል ማመንጫ ጭስ ውስጥ ግን ከ12 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ጭሱን አቀዝቅዞ ውሃው ውስጥ መንፋት ነው። (ሳይቀዘቅዝ ከገባማ አልጌው ይቀቀላል።)

ይህን ከሞከሩት አንዱ አይዛክ በርዚን የመሠረተው የአሜሪካው ግሪንፉኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ባለው ባለ 20 ሜጋዋት ማመንጫ ጣሪያ ላይ ቱቦዎቹን ተከለ። በቱቦዎቹ ካለፈው ጭስ በፀሐያማ ቀን 82 በመቶ፣ በደመናማ ቀን 50 በመቶ የሚሆነውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳስቀረ ተዘገበ። ዓለም ጉድ አለ።

ከዚያ ሥራው ወደ አሪዞና፣ ሬድሃውክ ወደተባለ ማመንጫ ተሻገረ። እዚያ የገጠመው ችግር የሚገርም ነው፤ አልጌው አላድግ ብሎ አይደለም፣ ከሚሰበሰበው በላይ አደገ እንጂ። በ2007 ግሪንሃውሱ ተዘጋ፣ ሠራተኞች ተቀነሱ። በ2009 ኩባንያው ራሱ ፈረሰ።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ባለ 500 ሜጋዋት የከሰል ማመንጫ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጥሩ የአልጌ ኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 20 ግራም ያህል ያመርታል እንበል። ይህ በሄክታር በዓመት 130 ቶን ጋዝ መምጠጥ ማለት ነው። ሲካፈል 23 ሺህ ሄክታር ይመጣል፤ ለአንድ ማመንጫ ብቻ የአዲስ አበባን ግማሽ የሚጠጋ ኩሬ! ውሃውን፣ ማዳበሪያውን፣ ማድረቂያውን አልቆጠርንም። ማታ ደግሞ ማመንጫው ይሠራል፣ አልጌው ግን ፀሐይ የለውም።

ሌላው ብዙ የማይነገረው፣ አልጌው ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ነዳጅ ሆኖ መኪና ውስጥ ከተቃጠለ ጋዙ ተመልሶ ይወጣል። የከብት መኖ ቢሆንም ቆይቶ ያው ነው። ጥቅም የለውም አንልም፤ ያን ያህል ነዳጅ ከመሬት ሳይወጣ ይቀራል። ግን ጭሱ «ተበላ» ሳይሆን ተራው ዘገየ ማለት ይቀላል።

«ለኢትዮጵያስ?» ላላችሁ፦ ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመጣ፣ የሚጠመድ የማመንጫ ጭስ እምብዛም የለንም። ጭሱ ያለው ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ዘንድ ነው፤ እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ሄክታር ኩሬ አለ የሚለው ነው።